የማልሱን ትንፋሽ

ማልሱን ከባሕር ወጥታ ጥቁር ልብሷን ስትገፍፍ፣
ከግራ ጎኗ ላይ አገኘች የሚፋጅ የነጥብ ሰልፍ፤
ከጀርባዋ ተነሥቶ የሚሄድ እስከ ጡቷ ሥር።
“የባሕር ሳማ ነው” አለች፤ “ይለብልበኝ፤ ይደር።”
ኮምጣጤ ቀብታ ጋደም አለች። ውሻ ጮኸ፤ ሌሊቱ ዘለቀ፤
እንቅልፍ ግን ገመዱ እንደ ተፈታ ታንኳ ከወደቧ ራቀ።
በማግስቱ ውኃ ቋጠረ፤ በሰልስቱ ሸሚዝ ከበዳት፣
አንድ የጥጥ ክር ሲነካት እንደ አጋም እሾህ ወጋት።

ልጇ ዮንሱክ እንቢታዋን ሳትሰማ ክሊኒክ አደረሰቻት።
ሐኪሙ ለጋ ነው፤ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ዐየላት።
“እማማ፣ በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ነበር?”

(በዚያ አገር ስሙ ቀበቶ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ሲጠራ
ለክፉም ጌጥ አይነፍግም፦ አልማዝ ይለዋል፣ ባለጭራ።)

“ጉድፉ ሄደ ብለው ነው? ከነርቭዎ ሥር ነው ሰፈሩ፤
ስድሳ አራት ዓመት ተኛ እንጂ መች ለቀቀና ካገሩ?
ሲደክሙ ጠብቆ ነቃ።”
                “ኧረ እኔ መች ደከምኩና!”
ዮንሱክ አንገቷን ደፋች። የአባቷ መቃብር ገና
ሣር አልያዘም።

ኪኒን በቀን አምስት ጊዜ፣ ሰባት ቀን፣ ሰዓት ሳያልፍበት፤
ደግሞም አንድ ወረቀት፣ ሥዕል ያለው፣ በትልልቅ ጽሕፈት፦
“ሕመሙ ሲበረታ፣ አራት ቆጥሮ አየር ማስገባት፣
ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት። ቫይረሱን አይገድልም ይሄ፤
ሰውነትን ግን ያላላል።”
ማልሱን ወረቀቱን ገልብጣ ባዶ ጀርባውን ዐየችው።
“ለእኔ?” አለች። “መተንፈስን?” አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው ባሕር ያስተማራት ይህን ሒሳብ፦
በአንድ ትንፋሽ ወርዶ፣ ቀንድ አውጣ ከዐለት ፈልቅቆ መሳብ፤
ብቅ ሲሉ በከንፈር ማፏጨት፣ ያረጀውን አየር መትፋት።
እናቷ “ገዳዩ ስስት ነው” ትላት ነበር፤ “ውኃው አይደለም፤
አንድ ልጨምር ያለች ጠላቂ ለእራት ስትመለስ አላየሁም።”

ጎረቤቷ ቹንሂ የእንጉዳይ ጭማቂ በጠርሙስ ገዝታ፣
በግማሽ ወር ጡረታዋ፣ አመጣችላት ማታ።
“ይሄን ጠጪ፤ ኪኒኑን ጣይው። ከነሥሩ ይነቅለዋል።”
ማልሱን ተቀበለች፤ መደርደሪያው ላይ ከሰዓቱ ጎን አኖረች።
“ቹንሂ፣ ሃምሳ ዓመት ስንጠልቅ፣ ብቻዬን ገብቼ ዐውቃለሁ?
እዚህስ ኪኒኑን አባርሬ ምነው ብቻዬን እወርዳለሁ?”

ዮንሱክ የሩዝ አጥሚት ሠራች፣ በቀንድ አውጣ ሆድ ዕቃ የወዛ፣
አረንጓዴ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ማንኪያ፤
በሁለተኛው አንድ።
ሕመም አፍ ይዘጋል።

በስድስተኛው ሌሊት መብረቅ ጎኗን ሰነጠቀው፤
ትራሷን ነከሰች፤ ግድግዳውን በቡጢ መታችው።
ከዚያ፣ ማዕበል ሲጠና ጠላቂ ሁሉ እንደሚያደርገው፣
ትግሉን ተወች። ወረደች።

አራት ወደ ውስጥ። ስድስት ወደ ውጭ፣ በፉጨት።
አራት። ስድስት። ሕመሙ አልሸሸም፤ ዐለት ነው፤ ዞረችው በዋና ስልት።
አራት። ስድስት።
አራት። ስድስት። ሰባት።
ሰባተኛው ላይ፣ ሳታስበው፣ “ኪቾል” አለ አንደበቷ፤
ሦስት ወር ትንፋሿን ይዛ ከታች ያኖረችው፣ የሟች ባሏ፣ የቤቷ
ስም፣ ከፉጨቱ ጋር አመለጠ፤
ዕንባውም ተከተለ፣ እስኪነጋ።

ከግድግዳው ወዲያ ዮንሱክ ያንን ፉጨት በጨለማ ሰማች፤
“እናቴ ባሕር ውስጥ ናት” ብላ ለራሷ፣ ተነሣች፣ ግን አልገባች፤
ምድጃ ለኮሰች።

አልማዙ ደረቀ፤ ረገፈ። ጭራው ግን ቀረ፤
ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነድፋታል።
ሐኪሙ “በጊዜ መምጣታችሁ ነው” አለ። ዮንሱክ “አጥሚቱ” አለች።
ቹንሂ ያልተከፈተውን ጠርሙስ ዐየች፣ ምንም አላለች።
ማልሱንም ለማንም አልመሰከረች።
ሁለተኛ ሳህን አስቀድታ፣ ቀምሳ፣ ፊቷን አጨማደደችና፦
“ጨው አንሶታል።
ደግሞ ባሕር ዳር ተወልደሽ!”